ሁሉም አምስት

«አምስት፣ አምስት፣ አምስት! እምዬ፣ ነይ እስቲ እዪልኝ! ከዚህ ሁሉ ሰው አንዲት ሴት እንኳ አራት አትልም?»

ድንቢጥ ኮምፒውተሩን ወደ አያቷ አዙራ ስክሪኑን በጣቷ መታ መታ ታደርጋለች። እምዬ ከእጅጌው የተተረተረውን የልጅቷን ሹራብ እየሰፉ ነበርና መርፌውን በከንፈራቸው ይዘው ቀና አሉ። መነጽራቸውን ፍለጋ ጠረጴዛውን ዳበሱ፣ አልጋውን ዳበሱ፣ ጭናቸውን ዳበሱ። መነጽሩ ግንባራቸው ላይ ነበር።

«መርፌውን ካፍሽ አውጪ፤ ትውጪዋለሽ» አለች ድንቢጥ በንዴቷ መሀል። አያት ያሳደጋት ልጅ ናትና ስጋቱም ተጋብቶባታል።

እምዬ መርፌውን ሹራቡ ላይ ሰክተው ተጠጉ። ስክሪኑ በትንንሽ ሳጥኖች ተከፋፍሏል፤ በየሳጥኑም አንድ ዓይነት ቁጥር ተቀምጧል።

«ታዲያ ምን አለበት? አምስት ከስንት ነው?»

«ከአምስት።»

«እሰይ! ደፍነሻል በይኛ!»

ድንቢጥ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «እምዬ፣ እኔ አይደለሁም እኮ የምታረመው!»

ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የምትማረው የሰውን ጠባይ ነው። ሰው ለምን እንዲህ ያደርጋል፣ ለምን እንዲያ ይሰማዋል የሚለውን። እምዬ መጀመሪያ ሲሰሙ «ይኼንን ለማወቅ ትምህርት ቤት መሄድ ያስፈልጋል?» ብለው ነበር፤ ኋላ ግን ለሰፈሩ ሁሉ የሚያወሩት እሳቸው ሆኑ። አሁን የቀራት የመመረቂያ ጥናቷ ብቻ ነው። ርዕሱን እምዬም በቃላቸው ይዘውታል፤ በዕድሜ የገፉ እናቶች ምን ያህል ብቸኝነት ይሰማቸዋል? ልጆቻቸውስ ምን ያህል ይጠይቋቸዋል? ለዚህም ድንቢጥ ጥያቄዎቿን ይዛ እምዬ ወደሚውሉበት የጡረተኛ ሴቶች ማኅበር ሄዳ ነበር። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ከአንድ እስከ አምስት መልስ አለ። አንድ ማለት በጭራሽ፣ አምስት ማለት ሁልጊዜ።

«ይኸውልሽ» አለች ድንቢጥ። «‹የልቤን የማወራው ሰው አለኝ› ስላቸው፣ ሁልጊዜ፤ አምስት። እሺ፣ ደስ ይላል። ወረድ ብዬ ደግሞ ‹ሰው ሁሉ የረሳኝ ይመስለኛል› ስላቸው፣ ሁልጊዜ፤ አምስት። አንድ ሰው እንዴት ሁለቱንም ይላል?»

«ይኼስ ይሆናል» አሉ እምዬ ዝግ ባለ ድምፅ።

«እንዴት ይሆናል?»

«እንዲሁ ነዋ። ይሆናል።»

ድንቢጥ አልሰማቻቸውም። «አማካሪዬ ሲያዩት ምን አሉኝ መሰለሽ? ‹ልጄ፣ እነዚህ እናቶች ጥያቄሽን አልመለሱልሽም፤ አርመውሻል›።»

እምዬ ዓይናቸውን ወደ ሹራቡ መለሱ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፤ የሆነውን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ድንቢጥ ማኅበሩ የምትመጣ ዕለት ዋዜማ እምዬ ክር እየጠቀለሉ ለሴቶቹ ነግረዋቸው ነበር። «ነገ ልጄ ትመጣለች። ለመመረቂያዋ ነው። አደራችሁን እንዳታስቀይሙብኝ» ነበር ያሉት፤ ከዚህ ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ነገር ግን አጠገባቸው ራዲዮ የሚሏቸው ሴት ተቀምጠው ነበር። ራዲዮ ይህን ስም ያገኙት ዜናው ከመነገሩ በፊት ስለሚናገሩት ነው። «ሰምታችኋል?» ብለው ተነሡ። «ማርክ የሚሰጠው ከአምስት ነው አሉ። ከአምስት በታች የሰጠቻትን ሴት አልምራትም! አባት በሌለበት፣ እናት በሌለችበት ይቺ አሮጊት ናት ያሳደገቻት!» ሴቶቹም ሁሉ «እንዴታ!» አሉ። እምዬ ያኔ ‹ኧረ እንዲያ አይደለም› ማለት ነበረባቸው። አላሉም። ደስ ብሏቸው ሳቁ። በማግስቱ ተራቸው ሲደርስም መነጽራቸውን እንኳ ሳያደርጉ አምስት፣ አምስት እያሉ መለሱ፤ ለልጃቸውማ ከማን ሊያንሱ ነው!

«አሁን ታዲያ ምን ይሆናል?» አሉ እምዬ።

«ሰኞ አስተካክዬ ካላስረከብኩ ዘንድሮ አልመረቅም። ካልተመረቅኩ ደግሞ ሥራው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ዛሬ ከሰዓት መልስሽን አሳውቂን ብለውኛል። ምን ብዬ ላሳውቅ?»

ሥራው ጥሩ ሥራ ነው። የሚያነክሱ፣ የሚንተባተቡ፣ ከሰው የሚሸሹ ሕፃናት የሚያገግሙበት ድርጅት፤ ድንቢጥ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትመኘው የኖረችው ዓይነት። አንድ ክፋት ብቻ አለው፤ ሩቅ ነው። አውቶቡስ ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ፣ መንገድ ላይ አድሮ የሚደርስበት ከተማ።

ያኔ አንዲት ሐሳብ በእምዬ ሽው አለች። ካልተስተካከለ አትሄድም። እሳቸው ዝም ቢሉ፣ ሻይ አፍልተው፣ «አይዞሽ ልጄ፣ የከርሞ ሰው ይበለን» ቢሉ፣ ልጅቷ እዚሁ፣ በዚህችው ክፍል፣ በዚህችው ጠረጴዛ ላይ ፀጉሯን እያፍተለተለች ትቀራለች። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? ሐሳቧን ከየት እንደመጣች ሳያውቁ ደነገጡባት፤ በእጃቸውም እንደ ዝንብ እሽ አሏት።

«እስቲ በደንብ አስረጂኝ» አሉ፣ ጊዜ ለመግዛት። «ሁሉም አምስት ቢሆን ምን ቸገረ? ስምምነት አይደል?»

«ልይይት የለማ! ልይይት ከሌለ ተዛምዶ አይገኝም።»

«በአማርኛ ንገሪኝ።»

«በአማርኛ እኮ ነው!» ብላ ድንቢጥ ሳትወድ ሳቀች። ወንበሯን ሳብ አደረገች። «ልይይት ማለት ሰዎቹ አንዱ ካንዱ ምን ያህል እንደሚራራቁ ነው። ተዛምዶ ደግሞ ሁለት ነገሮች አብረው መሄድ አለመሄዳቸው። ልጆቿ ቶሎ ቶሎ የሚደውሉላት እናት ብቸኝነቷ ይቀንሳል? ስልኩ ሲበዛ ብቸኝነቱ ዝቅ ይላል? ይኼን ነበር ማየት የፈለግሁት። ሁሉም ቁጥር አንድ ቦታ ተገትሮ ከቀረ ግን ምኑ ከምኑ ጋር ሲሄድ ልየው?»

«ስልኩ ሲበዛ» አሉ እምዬ።

ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ወዳለው የልጃቸው ፎቶ ሄደ። የድንቢጥ እናት ለሥራ ወደ ሰው አገር ስትሄድ ልጅቷ ገና ጫማዋን ማሰር አታውቅም ነበር። «ሁለት ዓመት ብቻ፣ እማዬ» ብላ ነበር። መጀመሪያ በየሳምንቱ ትደውል ነበር፤ ቀጥሎ በየወሩ፤ አሁን ሲሆንላት። «እንዴት ነሽ እማዬ?» ትላለች። «ደህና ነኝ ልጄ፣ ምንም አልጎደለብኝ» ይላሉ። ስልኩ ይዘጋል። እምዬ ግን ከዘጉ በኋላም ቀፎውን ይዘው ትንሽ ይቆያሉ፤ የረሳችው ነገር ካለ ብለው።

«ድንቢጥ።»

«ወይ።»

«ሹራብሽን ልበሺ። ውጪው ይበርዳል።»

«የት ልሄድ?»

«ማኅበሩ ጋ። ጓደኞችሽንም ጥሪያቸው።» እምዬ ዓይናቸውን ከወለሉ አላነሡም። «ያበላሸነው እኛ ነን። ማለቴ ራዲዮ ናት። ግን... እኔም አለሁበት። እንዳትወድቂ ብለን ሙሉ ማርክ ሰጠንሽ።»

የድንቢጥ ፊት በንዴት ቀላ። «እምዬ! አንቺ እያወቅሽ? ስንት ቀን ስለፋ!»

«አላወቅሁማ! ፈተና መሰለኝ!»

«‹እውነቱን ንገሩኝ› ብዬ አልነበረም?»

«ሰው ሁሉ እንደዚያ ይላል እኮ ልጄ። ‹እንዴት ነሽ፣ እውነቱን ንገሪኝ› ይላል፤ ከዚያ እውነቱን ብትነግሪው መሄጃ ይጠፋዋል።»

ልጅቷ አያቷን አፍጥጣ አየቻቸው። ትንፋሿን በረጅሙ አስወጣችና ሹራቡን ከነመርፌው ልትለብስ ስትል እምዬ ጮኸው ነጠቋት።

*

ማኅበሩ የሚሰበሰበው አንድ አሮጌ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ረጅም ጠረጴዛ፣ ከተለያየ ቤት የወጡ ወንበሮች፣ በክር የተሞሉ ካርቶኖች፣ ጥግ ላይ አንድ የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ። ሴቶቹ የሕፃን ቆብና ካልሲ እየሠሩ ይውላሉ፤ ከሚሸጠው ይልቅ የሚወራው ይበዛል። ከአዳራሹ ጎን የተሰበረ ወንበር የሚከማችበት ጠባብ ክፍል አለ፤ መጠይቁ የሚካሄደው እዚያ ነው።

ድንቢጥ ከሁለት የክፍል ጓደኞቿ ጋር ገብታ ሴቶቹን ዞራ ሳመች። ከዚያ ጠረጴዛው ራስጌ ቆመች።

«እናቶቼ፣ ያን ለት የሞላነውን እንደገና ልንሞላው ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በደንብ አላስረዳኋችሁም።»

«ምነው ልጄ፣ አነሰብሽ?» አሉ ራዲዮ ከወዲያ ጫፍ። «ስድስት ስለሌለ ነው እንጂ እንሰጥሽ ነበር!»

«በዛብኝ እማማ።»

«ማርክ በዝቶበት የሚያለቅስ ተማሪ ዛሬ አየሁ!»

ሳቁ ጠረጴዛውን አናወጠው። ድንቢጥም ሳቀች፤ ቀይ ሆና። «ቁጥሩ የእኔ ማርክ አይደለም። የእናንተ ነው። እናንተ የሚሰማችሁን ነው የምጽፈው። ደስ ያላት እናትም፣ የከፋት እናትም፣ ለእኔ እኩል ናቸው።»

«እና አንድ ብልሽ አትወድቂም?»

«አልወድቅም።»

«ሁለትስ?»

«አልወድቅም እማማ።»

«ይኼ ደግሞ ምን ዓይነት ትምህርት ቤት ነው፣ ሰው የማይጥል!»

«ቆይ አንዴ» አሉ አዋላጇ። አዋላጇ የዚህን ሰፈር ግማሹን በእጃቸው የተቀበሉ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላም ጥፍራቸውን አሳጥረው የሚቆርጡ፣ ወሬ የማያበዙ ሴት ናቸው። የሚሠሩትን ካልሲ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ነገሩ ማርኩ ብቻ አይደለም። ‹ልጆቼ አይጠይቁኝም› ብላ በወረቀት የምታስጽፍ እናት የለችም። የልጇን ገመና ታወጣለች እንዴ? ፈተና እንዳልሆነ ቢገባንም እንኳ ያው አምስት እንል ነበር።»

ሳቁ ቆመ። የሹራብ መሥሪያው ቅጭልጭል የሚል ድምፅም አብሮ ቆመ። እምዬ ማንቆርቆሪያው ጋ ቆመው የልጅቷን ዓይን ዓይን አዩ፤ አሁን ታለቅሳለች ብለው ፈሩ።

አላለቀሰችም። ወንበር ስባ በመሀላቸው ተቀመጠች። «ስም አይጻፍም» አለች ረጋ ብላ። «እኔም አልጠይቃችሁም፤ እኔን ስለምታውቁኝ ጓደኞቼ ናቸው የሚጠይቋችሁ። ለእኔ የሚደርሰኝ ቁጥር ብቻ ነው። የሁላችሁም ይደመራል፤ ለሰዉ ብዛት ይካፈላል፤ አንድ አማካይ ይወጣል። አማካዩ ውስጥ የማን ምን እንደሆነ እኔም ለይቼ አላውቀውም።»

«ሾርባ ነው በይኛ» አሉ ራዲዮ። «ድንቹ የማን እንደሆነ አይለይም።»

«እንደሱ ነው።»

«ታዲያ...» አሉ እምዬ፣ ሳያስቡት። ሁሉም ዞሮ አያቸው። «ታዲያ ከሌሎቹ በጣም የራቀች አንዷ ብትኖርስ? ሌላው ሁሉ አንድ፣ ሁለት ሲል ብቻዋን ወዲያ የቆመች? ሾርባውን እንዳታበላሽብሽ ትጥያታለሽ?»

ድንቢጥ አያቷን ትንሽ ቆይታ አየቻቸው። «እንዲሁ አልጥላትም። መጀመሪያ ለምን እንደራቀች ነው የምጠይቀው።»

ራዲዮ ሻርፓቸውን አስተካክለው ተነሡ። «ማንም ካልጀመረ እኔ ልጀምር። በኔ የመጣ ነገር ነው አሉ።»

እምዬም ከኋላቸው ተራ ሊይዙ ፈቀቅ ሲሉ ድንቢጥ ክንዳቸውን ያዘቻቸው።

«አንቺ አትገቢም እምዬ።»

«ለምን?»

«ቤተሰብ ነሽ። አማካሪዬ ከናሙናው አውጪያት ብለውኛል። ብዙ ሰው ካለበት ጥቂቶቹን ወስደሽ ስትጠይቂ እነሱ ናቸው ናሙና የሚባሉት፤ እና ከነሱ መሀል የጠያቂዋ አያት ካለች መልሷ አይታመንም። ለኔ ብለሽ ነው የምትመልሺው።»

«እውነቱን ብናገርስ?»

«ብትናገሪም።» ልጅቷ ጉንጫቸውን ሳመቻቸው። «ሻይ አፍዪልን። ይኼም እርዳታ ነው።»

ሻይ አፈሉ። ስኳር ጨመሩ፣ ብርጭቆ አጠቡ፣ የታጠበውን ደግመው አጠቡ። ሴቶቹ አንድ በአንድ ወደ ጠባቧ ክፍል ይገባሉ፣ በሩ ይዘጋል፣ ይቆያሉ፣ ይወጣሉ። ሲገቡና ሲወጡ ፊታቸው አንድ አይደለም። አንዷ አፍንጫዋን እየጠረገች ወጣች። አንዷ እየሳቀች ወጣችና ወዲያው መስኮቱ ጋ ሄዳ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች። አዋላጇ ከሁሉም በላይ ቆዩ፤ ሲወጡ የጀመሩትን ካልሲ ፈትተው እንደ አዲስ ጀመሩት።

እምዬን ግን አንድ የማያውቁት ስሜት ይዟቸው ነበር። ቅናት ብለው እንዳይጠሩት አፈሩ። የማንም የማንም እናት በየተራዋ እየተጠራች፣ አንድ ሰው ፊት ለፊቷ ተቀምጦ «እርስዎስ ምን ይሰማዎታል?» እያላት ነው። እሳቸውን ይህን ጥያቄ ማን ጠይቋቸው ያውቃል? ባላቸው ጥሩ ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማርና፤ ግን «ራት ደረሰ?» እንጂ ሌላ ጥያቄ አያውቅም። ልጃቸው «እንዴት ነሽ?» ትላለች፤ መልሱን ግን እሳቸው ቀድመው ይዘጉባታል፣ እንዳትጨነቅ። ድንቢጥ ደግሞ «በልተሻል? መድኃኒትሽን ወስደሻል?» ትላለች። ይጠየቃሉ፣ ምን ጎደለባቸው! ግን የሚጠየቁት ስለ ሆዳቸውና ስለ ደም ግፊታቸው ነው።

ራዲዮ ከወጡ ጀምሮ ቃል አልተነፈሱም ነበር። ሴቶቹ «ራዲዮ ጠፋ እኮ» ብለው ተረቧቸው።

«ባትሪ ጨርሼ ነው» አሉ። እምዬ ሻይ ሲያቀርቡላቸው ግን እጃቸውን ያዟቸውና ወደ ጆሯቸው ጠጋ አሉ። «እዚህ ስለፈልፍ የምውለው፣ ቤት ስገባ የማወራው ሰው ስለሌለኝ ነው። ልጁ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። አንድ ነገር ልበልሽ? አልሞትኩም። እንዲያውም ቀለል አለኝ።»

*

ፀሐይዋ ከመስኮቱ ዘወር ስትል አለቀ። ጓደኞቿ ሻያቸውን ጠጥተው፣ በሴቶቹ ተመርቀው ሄዱ። እምዬ ብርጭቆ ሰብስበው ሲጨርሱ ድንቢጥ አልወጣችም። በሩን ገፋ አድርገው ገቡ። ልጅቷ በተሰበሩት ወንበሮች መሀል ደህናውን መርጣ ተቀምጣለች፤ ወረቀቶቹ ጭኗ ላይ፣ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ።

«ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ።» ዓይኖቿ ያበራሉ፤ እርጥብም ናቸው። «እምዬ፣ አንድም አለ፣ ሁለትም አለ፣ አራትም አለ፣ ሁሉም አለ! እንደ ሰው ተበታትኖ። ሰኞ አስረክባለሁ።»

«ተመስገን።» እምዬ በሩ ላይ ቆሙ። «መሥሪያ ቤቱስ? ደወልሽላቸው?»

«ገና።»

«ሊዘጉ ነው እኮ። ምን ትጠብቂያለሽ?»

ድንቢጥ ስልኩን አገላበጠችው። መልሳ አስቀመጠችው። «ምን እንደምላቸው አላውቅም። ይኼንን ሁሉ ወረቀት ካየሁ በኋላ...» አልጨረሰችውም። «ብቻሽን ምን ትሆኛለሽ?»

እምዬ ስለ መንገዱ፣ ስለ አውቶቡሱ፣ ስለ ሹፌሮቹ ፍጥነት፣ ስለ ኪራይ ቤት ቁልፍ፣ ስለማያውቁት ከተማ ብርድ፣ ካሁን ካሁን ሊናገሩት ሲያጠራቅሙት የሰነበቱት ነገር ሁሉ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ነበር። ዋጡት። አንዱን የሚወዛወዝ ወንበር ፊት ለፊቷ ስበው ተቀመጡ።

«ጠይቂኝ» አሉ።

«ምኑን?»

«እነሱን የጠየቃችኋቸውን።»

«እምዬ፣ አይቆጠርም እኮ።»

«አይቆጠር። አንቺ ጠይቂኝ።»

ድንቢጥ ልትስቅ ብላ የአያቷን ፊት አየችና ተወችው። አንድ ባዶ ወረቀት አወጣች፤ መልሳ አስቀመጠችው። እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጠፈች።

«የልቤን የማወራው ሰው አለኝ።»

«አምስት» አሉ እምዬ። «ይኼኛው የዛሬው ነው፤ የእውነት።»

«ሰው ሁሉ...» ድንቢጥ ዓይኗን ወደ ወረቀቶቹ ጣለች። «ሰው ሁሉ የረሳኝ ይመስለኛል።»

እምዬ መልሱን ከጠዋት ጀምሮ ያውቁታል። አንድ ቢሉ፣ ልጅቷ ልቧ ቀሎ ትሄዳለች፤ ግን ከዚያ በኋላ በስልክ የሚባለው ሁሉ ውሸት ይሆናል፤ ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ፣ እናቷን ካራቀቻት ከዚያችው ቃል ሌላ ምንም። እውነቱን ቢሉ ደግሞ ልትቀር ነው። ብትቀር ደስ ይላቸዋል፤ ይህንንም ያውቁታል፤ ልጅቷ ስትቀር ምን ያህል ደስ እንደሚላቸው ሲያስቡ ራሳቸውን ፈሩት።

«አራት» አሉ።

«አራት?»

«አራት።»

ድንቢጥ ወንበሯን ወደ አያቷ አስጠጋች። «እኔ እያለሁ?»

«አንቺ እያለሽ። እናትሽ የሄደች ጊዜ አምስት ነበር። አንቺ አሳንሰሽው ነው አራት የሆነ።» እጃቸውን ዘርግተው የልጅቷን ጉልበት ያዙ። «ስሚኝ። አንቺ መጥተሽ አላጠፋሽውም፤ ሄደሽም አትፈጥሪውም። ድሮም የእኔ ነው። እዚህ ብትቀሪ ያንኑ አራት ይዤ ነው አጠገብሽ የምቀመጠው፤ አንቺ ደግሞ የራስሽን ትጀምሪያለሽ።»

«ታዲያ እንዴት ብዬ ልሂድ?»

«እንደ ሰው። በአውቶቡስ።»

ድንቢጥ ሳቋና እንባዋ አንድ ላይ ፈነዱ። እምዬ መሐረባቸውን ከደረታቸው አውጥተው ሰጧት፤ ስታብስ ቆይተው ጠበቋት።

«ስትደውዪልኝ ግን» አሉ፣ «‹በልተሻል ወይ› እንዳትዪኝ። ስንት እንደሆነ ጠይቂኝ። አራት ከሆነ አራት እልሻለሁ። አምስት ከሆነም አምስት። አንቺም የራስሽን ትነግሪኛለሽ። ሽሽግ የለም።»

«እሺ።»

«ማይልኝ።»

«እምላለሁ። በአንቺ ሞት።»

«ተይ፣ በሞቴ አትማይ፤ ጥሩ አይደለም» አሉ እምዬ ደንግጠው፣ ተነሥተውም ስልኩን ወደ ልጅቷ ገፋ አደረጉት። «በይ፣ ሳይዘጉ።»

ወጡ። በሩን ሳብ አድርገው ዘጉት። ከበሩ ሥር አንድ ባዶ ወንበር ነበር። ግድግዳው ስስ ነው፤ እዚያ የተቀመጠ ሰው እያንዳንዱን ቃል ይሰማል። ከውስጥ ድንቢጥ ጉሮሮዋን ስትጠርግ፣ «ጤና ይስጥልኝ» ስትል ሰሙ። እግራቸው ቆመ። እሺ ትላቸው ይሆን፣ ወይስ አይ? እሺ ካለችስ መቼ ነይ ይሏታል? ይህን ሳምንት? ከዚህ ሳምንት በኋላ?

ወንበሩን አልፈውት ሄዱ። ረጅሙን ጠረጴዛ እስከ መጨረሻው ተከትለው ራዲዮ አጠገብ ደረሱ፤ ከበሩ የሚርቅ ከዚያ በላይ ቦታ አልነበረም።

«ፈቀቅ በይልኝ» አሉ ሲቀመጡ። የሌላ ሴት ክር አንሥተው መጠቅለል ጀመሩ። «እስቲ አንድ ነገር አውሪኝ።»

«ምን ላውራሽ?»

«የፈለግሽውን። ብቻ ጮክ ብለሽ።»